ከ6 ዓመት በፊት የተገባ ቃል

«ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፦ ወደ ሩቅ ፕላኔቶች ስለተላኩት ሁለቱ የቮየጀር የጠፈር መንኮራኩሮች የምጽፍበትን የአድናቂ ድረ ገጽ ከከፈትሁ 6 ዓመት ሆነኝ። ስጀምር ላጤ ነበርሁ፤ ጊዜም እንደ ልቤ ነበረኝ፤ በመግቢያው ገጽ ላይም በየቀኑ አዲስ ጽሑፍ እንደማቀርብ በትልቁ ጽፌአለሁ። ዛሬ የሙሉ ቀን ሥራ አለኝ፤ ሁለት ሕፃናት አሳድጋለሁ፤ በሳምንት የሚተርፈኝም ቢበዛ 4 ሰዓት ነው። ከ300 በላይ ገጾች አሉኝ፤ ገሚሶቹ እድሳት ይፈልጋሉ። ያልመለስኋቸው ኢሜይሎች ተከማችተዋል፤ ቮየጀር 2 በዩራነስ ዙሪያ ስላገኛቸው ጨረቃዎች የጻፍሁት ቁጥር ስሕተት መሆኑን የጠቆሙኝ የአንድ ጡረተኛ መምህር መልእክት 8 ወር ሆኖታል፤ ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ። ቤት ውስጥ ‹ወይ ይዘጋ፣ ወይ ለሌላ ሰው ይሰጥ› መባል ተጀምሯል። አንድ ወዳጄ ደግሞ ማስታወቂያ አስገብቼ በገቢው ጸሐፊ እንድቀጥር ይመክረኛል። እኔ ግን ድረ ገጹን እወደዋለሁ። ምን ይሻለኛል?»

ውድ ጠያቂያችን፤

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው ንባብ የጊዜ እጥረት ታየኝ፤ በሁለተኛው ግን ዐይኔ ያረፈው «በየቀኑ» በምትለው አንዲት ቃል ላይ ነው። ላጤ ሳሉ የገቡትን ቃል የሁለት ልጆች ወላጅ ሆነው እየከፈሉ ነው፤ ያንን ቃል ያስገደደዎት ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ ዛሬም እንዲያነሡት የሚፈቅድልዎት ሌላ ሰው አይመጣም። በሳምንት 4 ሰዓት በዓመት ከ200 ሰዓት በላይ ይሆናል፤ ይህም አንድን የአድናቂ ድረ ገጽ በክብር ለማኖር የሚበቃ ጊዜ ነው፤ የማይበቃው የዕለት ጋዜጣ ለማዘጋጀት ነው። ስለዚህ አይዝጉት፤ ነገር ግን ያችን ቃል ዛሬ ማታ ከመግቢያው ገጽ ላይ ያጥፏት።

የድረ ገጽዎን ባሕርይ እስቲ ከአንባቢ ወገን ሆነን እንመልከተው። ስለ ቮየጀር አዲስ ነገር ሲኖር ናሳ ራሱ ይናገራል፤ የዜና ድርጅቶችም በሰዓታት ውስጥ ያስተጋቡታል፤ እርስዎ ልጆቹን አስተኝተው ኮምፒውተርዎን ሲከፍቱ ወሬው አርጅቷል። በዚህ ሩጫ ሊቀድሙ አይችሉም፤ መቅደምም አይጠበቅብዎትም። አንባቢ ወደ እርስዎ የሚመጣው ሌላ ቦታ ተበታትኖ ያለውን በአንድ ሰው ፍቅርና ትዕግሥት ተሰብስቦ፣ ተለቅሞና ተብራርቶ ስለሚያገኘው ነው። ያ ደግሞ የጋዜጣ ሳይሆን የቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው። በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍ ትናንት ስላልታተመ የሚቆጣ ሰው የለም፤ የተሳሳተ መጽሐፍ ሲያገኝ ወይም በሩን ተቆልፎ ሲያገኘው ግን ይቆጣል።

የሚጽፉላቸው መንኮራኩሮች ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ከእኔ የተሻሉ መካሪዎች ይመስሉኛል። ከእኔ ይልቅ እርስዎ እንደሚያውቁት፣ ኃይል የሚያገኙት ከፕሉቶኒየም ሙቀት ነው፤ በየዓመቱም 4 ዋት ገደማ ይቀንስባቸዋል። መሐንዲሶቹ ለዚህ የሰጡት መልስ ሁሉንም መሣሪያ በጥቂቱ ማዳከም አልነበረም፤ አንዱን መርጠው ሙሉ በሙሉ ያጠፋሉ፣ የቀረውን ግን እንደሚገባው ያሠሩታል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1990 ቮየጀር 1 ወደ ኋላ ዞሮ የመጨረሻዎቹን ፎቶግራፎች ካነሣ በኋላ፣ ያን ሁሉ ዝና ያተረፉለት ካሜራዎች እንዲጠፉ ተደረገ፤ በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ የኮስሚክ ጨረር መለኪያው ተራ ደረሰ። ወደ መሬት የሚናገሩበትን ሬዲዮ ግን አልነኩትም። የእርስዎ ችግር፣ በደብዳቤዎ እንደምረዳው፣ ሁሉም መሣሪያ በግማሽ ኃይል በርቶ መቆየቱ ነው፤ ዜናው በግማሽ፣ እድሳቱ በግማሽ፣ ኢሜይሉ በግማሽ፣ ቤተሰቡም እንዲሁ።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የማጠፋው ዕለታዊውን ዜና ነው። ቀጥሎ የድረ ገጹን መልክ የመቀየር ሐሳብ ካለዎት እርሱን ለጊዜው አጠፋዋለሁ፤ የአድናቂ ድረ ገጽ ባለቤቶች ትርፍ ሰዓት የሚያልቀው በጽሑፍ ላይ ከሚመስለን ይልቅ በቀለምና በፊደል ቅርጽ ላይ ነውና። በየማኅበራዊ መገናኛው የከፈቷቸው ተጨማሪ ገጾች ካሉም፣ አንድ ብቻ ያስቀሩ፤ ሌሎቹ ላይ ወደ ድረ ገጹ የሚመራ አንድ መልእክት ትተው ይውጡ። 300ዎቹን ገጾች ደግሞ ለማደስ አይነሡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ስለተፈጸመው የኔፕቱን ጉብኝት የተጻፈ ገጽ ትክክል ከሆነ መታደስ አያስፈልገውም፤ መታደስ ያለባቸው «አሁን»፣ «በቅርቡ»፣ «እስከ ዛሬ» የሚሉ ቃላት የያዙት ገጾች ብቻ ናቸው፤ እነዚያንም ቢሆን ቃሉን በዓመተ ምሕረት ቢተኩት ዳግመኛ አያስቸግሩዎትም።

የማይጠፋው ሬዲዮ የትኛው ነው የሚለው ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም እኔ በዚህ ተጎድቼአለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት ስለ ቼዝ የመጨረሻ ክፍል አጨዋወት የምጽፍበት አነስተኛ ድረ ገጽ ነበረኝ። ዶሜይኑን ማለትም የድረ ገጹን ስም ሳስመዘግብ የሰጠሁት ኢሜይል የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ነበር፤ ሥራ ስቀይር ኢሜይሉ ተዘጋ፤ ስሙ ሊያልቅበት መሆኑን የሚገልጹ ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ ማንም ወደማያነበው ሳጥን ሲጎርፉ ከረሙ። ባወቅሁ ጊዜ ስሙን ሌላ ሰው ወስዶት፣ ከቼዝ ጋር ምንም የማይገናኝ ማስታወቂያ ደርድሮበት ነበር። ጽሑፍ በመዘግየቴ ያጣሁት አንባቢ አልነበረም፤ በዚያ በአንድ ኢሜይል ምክንያት ግን ሁሉንም አጣሁ።

ስለዚህ ከመጪዎቹ 4 ሰዓታት የመጀመሪያውን ለዶሜይኑ ይስጡት። ኮም፣ ኔትና ኦርግ የሚል ቅጥያ ያላቸውን ስሞች በአንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት ድረስ አስቀድሞ ማስመዝገብ ይቻላል፤ አቅምዎ የፈቀደውን ያህል ዓመት ይክፈሉ፤ የመመዝገቢያው ኢሜይልም በሥራም በትምህርትም የማይቀየር የግል አድራሻዎ መሆኑን ያረጋግጡ። ጊዜው ያለፈበት እንዲህ ያለ ስም ወዲያውኑ አይጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት የእፎይታ ሳምንታት አሉት፤ ከተሰረዘ በኋላም ባለቤቱ ከፍ ያለ ዋጋ ከፍሎ የሚያስመልስበት 30 ቀን አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን 5 ቀን ቆይቶ ለቀደመ ሁሉ ክፍት ይሆናል። ከስሙ ጋር አብሮ መታየት ያለበት የደኅንነት ሰርተፊኬቱ ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነፃ ሲያድላቸው የቆዩት ሰርተፊኬቶች የ90 ቀን ዕድሜ ነበራቸው፤ እንዲህ አጭር የሆነበት አንዱ ምክንያትም እድሳቱ በራሱ በሚሠራ ፕሮግራም እንዲከናወን ታስቦ ነው። ያ ፕሮግራም በሰርቨርዎ ላይ በትክክል መሥራቱን አንድ ጊዜ ካረጋገጡ፣ አንድ ቀን ጠዋት አንባቢዎችዎ በብራውዘራቸው ላይ «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ አይገጥማቸውም።

መጠባበቂያ ቅጂን በተመለከተ ባለሙያዎች 3-2-1 የሚሉት ደንብ አለ፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ። ድረ ገጽዎን የሚያሳድረው ድርጅት ቅጂ እይዛለሁ ቢልም እርሱን እንደ ቅጂ አይቁጠሩት። ጂኦሲቲስ የተባለው የግል ድረ ገጽ ማሳደሪያ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 2009 ሲዘጋ፣ ሚሊዮኖች በትርፍ ጊዜያቸው የሠሯቸው ገጾች በባለቤቶቻቸው እጅ ቅጂ ስላልነበራቸው አብረው ሊጠፉ ነበር፤ ብዙዎቹ የተረፉት በጎ ፈቃደኞች ተሯሩጠው ስለቀዷቸው ነው። ማይስፔስ የተባለው ማኅበራዊ መገናኛም በ2019 በ12 ዓመት ገደማ የተጠራቀመ ሙዚቃ እንደጠፋበት አምኗል። ከ1996 ጀምሮ ድረ ገጾችን የሚሰበስበው ኢንተርኔት አርካይቭ ትልቅ ባለውለታችን ቢሆንም፣ ሁሉንም ገጽና ሁሉንም ሥዕል አይይዝም፤ የመጨረሻ ተስፋ እንጂ መጠባበቂያ ቅጂ አድርገው አይመኑበት። ደግሞም ቅጂው መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ከቅጂው ላይ አንድ ገጽ አውጥተው መከፈቱን ይሞክሩ።

ቀሪው የጥገና ሸክም የሚመጣው ድረ ገጹ ከተሠራበት ሶፍትዌር ነው። በዎርድፕረስ ወይም በመሰለ የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም የተሠራ ከሆነ፣ ዋናው ፕሮግራምና የተጨማሪዎቹ ፕለጊኖች እድሳት ካልተከታተሉት ለሰርጎ ገቦች በር ይከፍታል፤ እያንዳንዱ ፕለጊን ደግሞ አንድ ቀን ደራሲው የሚሰለቸው ሌላ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። የማይጠቀሙበትን ፕለጊን ከማቦዘን ይልቅ ያስወግዱት። ከዚያም አልፎ፣ አብዛኞቹ ገጾችዎ የማይለወጡ ስለሆኑ፣ በረጅሙ ቢያስቡበት የሚሻለው ወደ ተራ የኤችቲኤምኤል ፋይሎች መመለስ ነው፤ እነዚህ ዳታቤዝ ማለትም የመረጃ ቋት አይፈልጉም፣ በየወሩ እድሳት አይጠይቁም። እ.ኤ.አ. በ1991 የዌብ ፈጣሪው ቲም በርነርስ-ሊ ሴርን በተባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ለሕዝብ ያቀረበው የመጀመሪያው ድረ ገጽ፣ ሴርን በ2013 ወደ ቀድሞ አድራሻው ከመለሰው በኋላ፣ በዘመናችን ብራውዘር ያለ አንዳች ችግር ይከፈታል፤ ፍላሽ በተባለው የተንቀሳቃሽ ሥዕል ፕሮግራም ያጌጡት የኋለኞቹ ገጾች ግን ፍላሽ በ2020 መጨረሻ ድጋፉ ሲቋረጥ ተበላሽተው ቀሩ። ይህን ለውጥ ግን በአንድ ቅዳሜ ለመጨረስ አይሞክሩ፤ ባልጨረሱት ቅዳሜ ምክንያት ሦስት ሳምንት ተናደው ይከርማሉ።

አሁን ወደ ቤትዎ ልግባ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ጉዳይ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እርሱ ነው። «ይዘጋ» የሚለው ቃል ስለ 4ቱ ሰዓታት የተነገረ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የቤት ሰው የሚከፋው በተቀረው ሰዓት ነው፤ እራት ላይ ስልክ ገልጦ ስንት ሰው እንደጎበኘ በማየት፣ ልጅ ታሪክ ሲያወራ «እሺ፣ እሺ» እያሉ በልብ አርዕስት በመፈለግ፣ ዕረፍት በተባለ ቀንም «ዘግይቻለሁ» እያሉ በመቆዘም። ያ ጊዜ በ4ቱ ሰዓታት ውስጥ አልተቆጠረም፤ ይሁንና ድረ ገጹ የሚወስደው እርሱንም ጭምር ነው። ስለዚህ ከትዳር ጓደኛዎ ጋር ተነጋግረው በሳምንት የታወቁ ሁለት ምሽቶች ይምረጡ፤ በእነዚያ ምሽቶች በሩን ዘግተው ያለ ይቅርታ ይሥሩ፤ በሌሎቹ አምስት ምሽቶች ግን የጎብኚዎችን ቁጥር የሚያሳየው መተግበሪያ ከስልክዎ ላይ ጭራሹኑ አይኑር። ልጅ የታመመበት ሳምንት ምሽቱ ቢቀር፣ የቀረው ቀርቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዕዳ አይያዝም።

ሁለቱን ምሽቶች እንዴት እንደሚጠቀሙባቸው ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቃሉ፤ ከልምዴ የማካፍልዎት ጥቂት ነው። ሲጨርሱ የት እንዳቆሙና በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደሚያደርጉ አንድ መስመር ጽፈው ይነሡ፤ ይህን የማያደርግ ሰው ከ2 ሰዓቱ ግማሹን «የት ነበርሁ?» በማለት ያባክነዋል። የሚያዘጋጁትን ጽሑፍ ደግሞ ቀኑ አስቀድሞ ከሚታወቅ ነገር ጋር ያያይዙት፤ በዚህ ረገድ የመረጡት ርእሰ ጉዳይ ሌሎች አድናቂዎች የሚቀኑበት ነው። ቮየጀር 2 የተወነጨፈው እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን፣ ቮየጀር 1 ደግሞ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1977 ነው፤ 50ኛ ዓመታቸው የሚሞላውም በ2027 ነው። ኦገስት 25 ሁለት በዓል ያለው ቀን ነው፤ በ1989 ቮየጀር 2 በኔፕቱን አጠገብ ያለፈው፣ በ2012 ደግሞ ቮየጀር 1 ከፀሐይ ነፋስ ክልል የወጣው በዚሁ ዕለት ነው። በማርች የጁፒተር፣ በኖቬምበር የሳተርን መታሰቢያ አለ። ለእነዚህ ቀኖች በዓመት ስድስት ወይም ሰባት ጥሩ ጽሑፍ በዕረፍትዎ አዘጋጅተው በቀኑ እንዲወጣ አስቀድመው ቢያስቀምጡት፣ አንባቢ ድረ ገጹ ሕያው መሆኑን ያያል፤ እርስዎም በዋዜማው አይጨነቁም።

ኢሜይሉን በሚመለከት፣ ሁሉንም የማንበብ እንጂ ለሁሉም የመመለስ ግዴታ የለብዎትም። «የሚላክልኝን ሁሉ አነባለሁ፤ ለእርማቶች ቅድሚያ እሰጣለሁ፤ ለሌላው መልስ ላይደርስልኝ ይችላል» የሚል ዓረፍተ ነገር በአድራሻዎ አጠገብ ቢያስቀምጡ፣ ቅን አንባቢ ይረዳዎታል። የተከማቸውን አንድ ምሽት ወስደው ከእርማት በስተቀር ያለ መልስ ወደ ጎን ያስቀምጡት። ይህን ስመክር ጨካኝ መስዬ እንደምታይ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከዓመት በፊት «መንኮራኩሮቹ ስንት ይመዝናሉ?» ብሎ የጻፈ ተማሪ የቤት ሥራውን ካስረከበ ቆይቷል።

ለሌላ ሰው ስለ መስጠት፦ ሙሉ በሙሉ ለመስጠት ገና የደረሱ አይመስለኝም፤ «እወደዋለሁ» ብለው ጽፈዋልና። ረዳት ማግኘት ግን መልካም ነው፤ «ማን ሊያግዘኝ ይፈልጋል?» ብለው በደፈናው ከጠሩ ግን ሃያ ሰው ይመጣና እነርሱን ማስተባበር ከመጻፍ የበለጠ ጊዜ ይበላዎታል። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው አይኤምዲቢ የተባለው የፊልም መረጃ ቋት በ1990 ሲጀመር የኮል ኒድሃምና የመሰሎቹ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነበር፤ የተዋናዮቹ ዝርዝር በአንዱ፣ የዳይሬክተሮቹ በሌላው እጅ ሆኖ፣ ለእያንዳንዱ ዝርዝር አንድ ኀላፊ ነበረው። እርስዎም ለአንድ ሰው አንድ ፕላኔት ይስጡ፤ ሳተርንን ይዞ ስድስት ወር የቆየ ሰው ካገኙ በኋላ ስለ ሌላው ይነጋገሩ። ከዚህ የተለየው ጉዳይ ቁልፉ ነው፦ የዶሜይኑ፣ የሰርቨሩና የኢሜይሉ የይለፍ ቃል የት እንደሚገኝ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ አንድ የታመነ ሰው መኖር አለበት፤ የትዳር ጓደኛዎ ቢሆን ይመረጣል፤ ይህን ማድረግ ራሱ በቤት ውስጥ ያለውን ቅሬታ ጥቂት ሳያለዝብ አይቀርም።

የወዳጅዎን የማስታወቂያ ሐሳብ እኔ አልቀበለውም። አነስተኛ የአድናቂ ድረ ገጽ ከማስታወቂያ የሚያገኘው ገቢ ጸሐፊ የሚያስቀጥር አይሆንም፤ ይልቁንም የሒሳብ መዝገብ፣ የግብር ጥያቄና የማስታወቂያ ቁጥጥር የሚባል አዲስ ሥራ ያመጣብዎታል። ናሳ ፎቶግራፎቹን በአብዛኛው በነፃ ለመጠቀም ይፈቅዳል፤ ሌሎች ሰዎች ለንግድ እንዳይውል ብለው የፈቀዱልዎት ሥዕል ካለ ግን ማስታወቂያ ባስገቡ ዕለት ፈቃዱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የዓመቱን ወጪ ለመሸፈን የሚበቃ መዋጮ ከአንባቢ መቀበል ካስፈለገዎት ያ የተለየ ነገር ነው፤ እርሱንም ቢሆን ምንም ተጨማሪ ጽሑፍ ቃል ሳይገቡ ያድርጉት።

የቀረው የጡረተኛው መምህር ጉዳይ ነው። ገጽዎ «10» የሚል ከሆነ መምህሩ ትክክል ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ቮየጀር 2 በጃንዋሪ 1986 በዩራነስ አጠገብ ባለፈበት ወቅት የተቆጠሩት አዳዲስ ጨረቃዎች 10 ነበሩ፤ አሥራ አንደኛዋ ፔርዲታ ግን በዚያው ጊዜ በተነሡት ፎቶግራፎች ውስጥ ማንም ሳያስተውላት 13 ዓመት ቆይታ፣ ኤሪክ ካርኮሽካ የተባሉ ተመራማሪ በ1999 እነዚያኑ አሮጌ ሥዕሎች መልሰው ሲመረምሩ አገኟት፤ በሀብል ቴሌስኮፕ የተረጋገጠችውም በ2003 ነው። ቁጥሩን ማረም 5 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከሥሩም የእርማቱን ቀንና፣ ከፈቀዱ፣ የመምህሩን ስም ይጻፉ። ከዚያ ለእርሳቸው ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይላኩ፦ እንዳረሙት፣ እንደዘገዩ፣ እንዳመሰገኑ። ለመዘግየትዎ ረጅም ምክንያት አይደርድሩ፤ ፔርዲታ 13 ዓመት የጠበቀች ጨረቃ መሆኗን የሚያውቁ ሰው 8 ወር የሚከብዳቸው አይመስለኝም።